የሚለጠጥ ጨርቅ ዋጋው በመመለሱ ነው
(ለዳንግላ ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ሁሉ ስለምንለብሰው ነገር ነው። ካልሲያችን ቁርጭምጭሚታችን ላይ ረግቶ የሚውለው፣ የሕፃኑ ሱሪ ያለ ቀበቶ ወገቡን ይዞ የሚቆመው፣ ልጃገረዷ ጅንሷን እንደለበሰች ቁጢጥ ብላ ቡና የምታፈላው በአንድ ቀጭን ክር ምክንያት ነው። ገበያ ስንወጣ ስትሬች፣ ሊክራ፣ ታይት እያልን እንጠራዋለን። በልብሱ ምልክት ላይ ኢላስቴን ወይም ስፓንዴክስ ተብሎ ይጻፋል። አንድ ነገር ነው።

ጨርቁን ስንገዛ ሁላችንም በሁለት እጃችን ይዘን እንስበዋለን። ብዙ ከተለጠጠ ጥሩ ነው ብለን እንከፍላለን። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ግን ዋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ እንደሚመጣ ነው፤ ስንለቀው ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ? የዚህ ጨርቅ ዋጋው በመመለሱ ነው። መመለስን የሚሰጠው ምን እንደሆነ፣ የሚገድለው ምን እንደሆነ፣ ሰውነታችንን የሚጠቅመውና የሚጎዳው የት ላይ እንደሆነ ካወቅን በገንዘባችንም በጤናችንም እንጠቀማለን።

ከራሳችን ልብስ ልጀምር። በሸማኔው እጅ የሚሠራው ኩታ፣ ጋቢና ቡሉኮ የድርና የማግ ውጤት ነው። ድሩ በርዝመት ተወጥሮ ይቆማል፤ ማጉ በመወርወሪያ እየተላከ በድሩ ውስጥ ከላይ ከታች ያልፋል። ሁለቱም ጥጥ ናቸው። ጥጥ ሲስቡት ጥቂት ይሰጥና ይበጠሳል። የሰው ቆዳ ግን እንደዚያ አይደለም። ጉልበታችንን ስናጥፍ የጉልበታችን ቆዳ በርዝመቱ ከ35 እስከ 45 በመቶ ይለጠጣል። እንግዲህ የማይለጠጥ ጨርቅ በሚለጠጥ ሰውነት ላይ እንዴት ይዋል?

አያቶቻችን መልሱን በስፋት አገኙት። ቀሚሱን ሰፊ አደረጉ፤ ጋቢውን ሳይሰፉ ተከናነቡት፤ የሱሪውን መቀመጫ ለቀቅ አደረጉት። ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር የሚሆነን የአዊ ፈረሰኛ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የተመለከተ ሰው ፈረሰኛ ምን ያህል ሰውነቱን እንደሚያንቀሳቅስ ያውቃል። እርካብ ረግጦ ሲወጣ ጭኑ ይከፈታል፣ ሲጋልብ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ሲያጎነብስ ወገቡ ይዘረጋል። በአገራችን ተፈሪ ሱሪ የምንለው፣ ከጭኑ ሰፋ ብሎ ከባቱ የሚጠብቀው ሱሪ የተሰፋው ለዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው። ባቱ ላይ መጥበቁ ከእርካብና ከኮርቻ ጋር እንዳይጠላለፍ ያደርጋል፤ ጭኑ ላይ መስፋቱ ጨርቁ ሊሰጥ ያልቻለውን ቦታ ይሰጣል።

የሕንድ ፈረሰኞችም ይህንኑ ቅርጽ ያውቁት ነበር፤ ከእነርሱም ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ የዓለም ፈረሰኞች ልብስ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሚለጠጥ ጨርቅ ገበያ ላይ ሲውል ግን ያ የጭን ስፋት ከግልቢያ ሱሪ ላይ እየጠፋ ሄደ። ሱሪው ከእግር ጋር ተጣብቆ የሚውል ሆነ። በልብስ ታሪክ ውስጥ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቀድሞ ሰፊው በመቀሱ ይፈጥረው የነበረውን ምቾት ክሩ ራሱ ይዞት መጣ።

ጨርቅ እንዲለጠጥ የሚያደርጉ መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አቆራረጥ ነው። አቡጀዲን በድሩ አቅጣጫ ብትስቡት አይንቀሳቀስም፤ ከጫፍ ጫፍ በሰያፍ ብትስቡት ግን ይሰጣል። ጥሩ ሰፊ ይህን ስለሚያውቅ የአንገት ጥምዝ የሚያስርበትን ቁራጭ በሰያፍ ይቆርጣል።

ሁለተኛው አሠራር ነው። ሹራብ የሚሠራው ድርና ማግ ተገናኝቶ ሳይሆን ክሩ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ነው። ስንስበው ቀለበቶቹ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፤ ክሩ ሳይለጠጥ ጨርቁ ይለጠጣል። ከነቴራና ማልያ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ጉድለቱ አመላለሱ ላይ ነው። የሹራብ ክርን ከጊዜ በኋላ አብጦ የሚቀረው፣ የከነቴራ አንገት የሚላላው ቀለበቶቹን ወደ ቦታቸው የሚጎትት ኃይል ስለሌለ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ክሩ ራሱ እንዲለጠጥ ማድረግ ነው። ለዚህ ሰዎች መጀመሪያ የተጠቀሙት የጎማ ዛፍን ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ1820 ለጓንትና ለካልሲ የሚሆን የጎማ ማሰሪያ የፈጠራ መብት አወጣ። ያ ጎማ ግን በበጋ ይቀልጥ፣ በክረምት ይደርቅ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ሙቀትና ብርድ የሚችል አደረገው። ከዚያ በኋላ የጎማ ክር በውስጥ ልብስና በካልሲ አፍ መግባት ጀመረ። ሆኖም የጎማ ክር ወፍራም ነው፤ ቀለም አይቀበልም፤ ላብና ቅባት ያበላሹታል፤ ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል። የድሮ የውስጥ ሱሪ ላስቲክ ደርቆ እንደ ብስኩት ሲሰባበር ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል።

መፍትሔው የመጣው ከኬሚስቶች ነው። ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ዋላስ ካሮተርስ እ.ኤ.አ. በ1935 ናይለንን ሠራ። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ጎማ አይለጠጥም። በዚያው ኩባንያ በቨርጂኒያ ግዛት ዌይንስቦሮ ከተማ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጎማን የሚተካ ክር ፍለጋ ደከመ። የተሳካለት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ኩባንያው ክሩን ሊክራ በሚል የንግድ ስም ለገበያ አቀረበው።

የክሩን ውስጣዊ አሠራር በጥቂቱ ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም ኋላ ስለ አጠባበቁ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ኢላስቴን ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ በክብደቱ ቢያንስ 85 በመቶው ይኸው ነው። ሞለኪውሉ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን ሁለት ዓይነት ክፍሎች እየተፈራረቁ ይደረደሩበታል። አንደኛው ክፍል ረጅምና ለስላሳ ነው፤ የሚስበው ሲያጣ ተጠቅልሎና ተወሳስቦ ይቀመጣል። ሁለተኛው አጭርና ግትር ነው፤ በጎረቤቱ ሰንሰለት ላይ ካለው ግትር ክፍል ጋር አጥብቆ ይያያዛል። መስክ ላይ በረጅም ገመድ ከችካል ጋር የታሰረ ፈረስ አስቡ፤ ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ይሄዳል፣ ችካሉ ግን ጨርሶ እንዲጠፋ አይፈቅድለትም። ለስላሳው ክፍል ገመዱ ነው፤ ግትሩ ክፍል ችካሉ ነው።

ታዲያ ስንለቀው ለምን ይመለሳል? ሞለኪውሎች በሙቀት ኃይል ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣሉ። ቀጥ ብሎ የተወጠረ ሰንሰለት ሊቀመጥ የሚችልበት መንገድ ጥቂት ነው፤ የተጠቀለለ ሰንሰለት ግን ሊቀመጥባቸው የሚችሉ መንገዶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ስለዚህ እጃችን ሲለቀው ያ የማያቋርጥ ንቅጥቅጥ ሰንሰለቱን ወደ መጠቅለሉ ይመልሰዋል። በዚህ ምክንያት አንድ የኢላስቴን ክር ከርዝመቱ አምስት ስድስት ዕጥፍ ተስቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ግትሮቹ ክፍሎች ከተላቀቁ ወይም ሰንሰለቱ ከተቆረጠ ግን መመለሱ ይቀራል።

ብዙ ሰው ታይት ሱሪ በሙሉ ከዚህ ክር የተሠራ ይመስለዋል፤ አይደለም። ጅንስ ውስጥ የሚገባው ከ1 እስከ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የስፖርት ልብስና የዋና ልብስ ውስጥ እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። የቀረው ጥጥ፣ ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው። ክሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ተወጥሮ ጥጥ ይጠመጠምበታል፤ ቆዳችንን የሚነካው ጥጡ ነው፣ የሚሰበስበው መሐሉ ነው። ከመቶ ሁለት እጁ የቀረውን ዘጠና ስምንት እጅ ቅርጽ ያስይዘዋል። እኔ በግሌ ከሰው ልጅ የጨርቅ ጥበብ ውስጥ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልሻገር። ለኢትዮጵያዊ ስለ ስፖርት ልብስ ሲነገር መጀመሪያ የሚታየው ሩጫ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ኢላስቴን ገና ከቤተ ሙከራ መውጣቱ ነበር። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ ግን የሯጮች ልብስ ሌላ ዓለም ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከቆዳ ጋር የሚውል፣ ቀላል፣ ላብን ወደ ውጭ የሚያወጣ። የሁለቱ ድል ጎን ለጎን ሲታይ ትምህርት አለው፤ ልብስ ሰውነትን ከመፋተግና ከመጎተት ያድነዋል፣ ሳንባና ልምምድን ግን አይተካም። ጠባብ ልብስ ሯጭን ያፈጥናል የሚለው ማስታወቂያ በጥናት የጸና መሠረት አላገኘም። ልጆቻችሁ ውድ ታይት ካልተገዛልን አንሮጥም ቢሏችሁ ይህን ንገሯቸው።

በውኃ ዋና ስፖርት ግን ልብሱ በእርግጥ ውጤት ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከናይለንና ከኢላስቴን ተሠርቶ ፖሊዩሬቴን የተለጠፈበት ሙሉ የዋና ልብስ ወጣ። በ2009 ሮም ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ ከዚያም በላይ ፖሊዩሬቴን በበዛባቸው ልብሶች 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። የዓለም የዋና ፌዴሬሽን ውድድሩ በሰው መካከል መሆኑ ቀርቶ በጨርቅ መካከል ሆነ ብሎ ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ እነዚህን ልብሶች ከለከለ።

ከስፖርት ይልቅ ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ሕክምና ነው። በጎጃም ደጋና ወይናደጋ ዝሆኔ ያልነካው ሰፈር ጥቂት ነው። እዚህ የምንናገረው በትንኝ ስለሚተላለፈው ሳይሆን ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈርን ለዓመታት በባዶ እግር በመርገጥ ስለሚመጣው የእግር እብጠት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት በሽታውን ከአፈሩ ጋር አያያዘው። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙ ይገመታል። ከዘር የመጣ እርግማን ነው እየተባለ ብዙዎች ከትዳርና ከማኅበር ተገልለዋል። እርግማን አይደለም፤ መከላከልም መታከምም ይቻላል።

ሕክምናው ውስጥ የሚለጠጥ ጨርቅ ድርሻ አለው። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እግርን በሚገባ ማጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ በአንድነት ሲሰጡ ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለው አጣዳፊ ትኩሳትና ሕመም ይቀንሳል። እንግዲህ ስለ ፋሻው ልብ በሉ። ለእንዲህ ያለ እብጠት የሚመረጠው ጥቂት ብቻ የሚለጠጠው ፋሻ ነው። ሰውየው ሲራመድ የባቱ ጡንቻ ያብጣል፤ ፋሻው እንቢ ስለሚል የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ላይ ይገፋል። ሲተኛ ደግሞ ግፊቱ ይላላል። ብዙ የሚለጠጥ ፋሻ በአንጻሩ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ ይጫናል፤ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ደም ወደ እግሩ እንዳይደርስ ሊከለክል ይችላል። መለጠጥ ሲበዛ ሁልጊዜ ጥሩ ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እግሩ ያበጠ ሰው ከገበያ ላስቲክ ገዝቶ ራሱን አይሰር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ አስተሳሰሩን ከባለሙያ ይማር።

በቃጠሎ የተጎዳ ሰውም ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው እንዳይነሣና መገጣጠሚያው እንዳይጨማደድ ልኩ ተወስዶ የሚሰፋ የሚጫን ልብስ ይደረግለታል። ልብሱ በቀን እስከ 23 ሰዓት፣ ለብዙ ወራት ይለበሳል። ይህን ልብስ የሚያስገኘው በየቀኑ እየተጎተተ የሚመለሰው ይህ ክር ነው።

ቃጠሎን ካነሣሁ ዘንዳ ስለ እሳት በግልጽ ልናገር። ይህ የዲስኩሬ ከባዱ ክፍል ነው። ናይለን፣ ፖሊስተርና ኢላስቴን ሙቀት ሲያገኛቸው ይቀልጣሉ፤ ፖሊስተር 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ የምድጃ ነበልባል ከዚያ ብዙ ዕጥፍ ይሞቃል። የቀለጠው ጨርቅ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ጥጥም ይነዳል፤ እንዲያውም ቶሎ ይነዳል፤ ነገር ግን አይቀልጥም፣ አይጣበቅም። ሱፍ ከሁሉም ቀስ ብሎ ይነዳል። እንጀራ የምትጋግር እናትና እኅት ከእሳት ፊት ስትቀመጥ ታይቷንና የናይለን ቀሚሷን ለውጣ ወይም ከላይ ወፈር ያለ የጥጥ ሽርጥ ታጥቃ ብትሠራ ራሷን ታድናለች። የቤት ውስጥ እሳት ብዙ ጊዜ ሴቶችንና ሕፃናትን ነው የሚያገኘው።

ልብስ ቢያያዝ ሰውየው አይሩጥ፤ መሬት ላይ ተንከባልሎ ወይም በጋቢ ታፍኖ እሳቱ ይጥፋ። የተቃጠለውን ቦታ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ለ20 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የተጣበቀውን ጨርቅ ከቆዳው ላይ ማላቀቅ አይገባም፤ ቆዳውን ይዞ ይመጣል። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና ማድረግም ሙቀቱን አፍኖ ቁስሉን ያመረቅዛል። ከዚያ ፈጥኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ። ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዛችሁ በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ከልጆች ርቃችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸትና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ፖሊስተርና ናይለን ይኮማተሩና ሲቀዘቅዙ ጠንካራ ጥቁር ወይም ቡናማ ዶቃ ይሆናሉ። ይህን ያወቀች እናት ለምድጃ ዳር የሚሆነውን ልብስ ራሷ ትመርጣለች።

ከእሳት ሌላ የዚህ ክር ጠላቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በረኪና ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የኢላስቴንን ሰንሰለት ይቆራርጣል። ነጭ ስትሬች ሱሪን በበረኪና የዘፈዘፈ ሰው ቆሻሻውን ከማስለቀቁ በፊት ክሩን ይገድለዋል። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል። የሚለጠጥ ልብስ ገልብጦ ጥላ ውስጥ ማስጣት ዕድሜውን ያረዝማል። ሦስተኛው ካውያ ነው። የከሰል ካውያ ሙቀቱ ስለማይመጠን ለዚህ ጨርቅ አይሆንም፤ የኤሌክትሪኩም ቢሆን ዝቅተኛው ላይ ተደርጎ፣ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ መሐል ገብቶ መሆን አለበት። ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ሳይጠመዘዝ ቢጨመቅ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ስለ ጤናም አንድ ቃል ልጨምር። ጥጥ በተለመደ አየር ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ለሩጫ ይመቻል፤ የላብ ጠረን ግን ይዞ ይቆያል። ቀኑን ሙሉ ለሚውል የውስጥ ልብስ ሐኪሞች ጥጥ እንዲሆን የሚመክሩት እርጥበት ታፍኖ ፈንገስ እንዳይራባ ነው። ወገብን አጥብቆ የሚይዝ ሱሪ ደግሞ ለጭን ቆዳ የሚሄደውን ነርቭ ተጭኖ ጭንን ሊያደነዝዝ ይችላል። ሲወልቅ ጥልቅ ሰንበር የሚተው ልብስ ልካችን አይደለም።

አሁን ፊቴን ወደ ልብስ ሰፊዎች ላዙር። ደንበኛ የሚለጠጥ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ብዙዎቻችሁ እንደ ቴትሮን በተራ ቀጥ ያለ ስፌት ትሰፉታላችሁ። ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ደንበኛው ቁጭ ሲል ይበጠሳል። ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም። መርፌው ጫፉ ክብ የሆነ ይሁን፤ ሹል መርፌ ክሩን ይበሳል፣ ክብ ጫፍ ግን በክሮቹ መሐል ገለል አድርጎ ያልፋል። ስፌቱ ዚግዛግ ወይም ኦቨርሎክ ይሁን። የስፌት ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ስትሰፉ ጨርቁን ከኋላም ከፊትም አትጎትቱት፤ የተጎተተ ስፌት እንደ ማዕበል ይሸበሸባል። ከጥቅሉ የተፈታውን ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አሳድሩት፤ ሲጠቀለል የተወጠረው ሌሊቱን ይሰበሰባል። ይበልጥ የሚለጠጥበት አቅጣጫ ደግሞ በሰውነት ዙሪያ እንዲውል አድርጋችሁ ቁረጡ።

ለሰፊውም ለገዢውም የሚሆን አንድ መለኪያ ልስጣችሁ። ጨርቁን አጥፉና 10 ሴንቲ ሜትር ለኩበት። ሳትታገሉ ሳቡት፤ 12 ሴንቲ ከደረሰ 20 በመቶ፣ 13 ከደረሰ 30 በመቶ ይለጠጣል ማለት ነው። ከዚያ ወጥራችሁ ጥቂት ያዙትና ልቀቁት። ትንሽ ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። ወደ 10 ከተመለሰ ደኅና ነው። 10 ተኩል ላይ ከቀረ ያ ሱሪ በሁለት ሳምንት ጉልበቱ ያብጣል፣ መቀመጫው ይንጠለጠላል። ከሰልባጅ ስትገዙ ደግሞ ጨርቁን ወደ ጆሯችሁ አስጠግታችሁ ሳቡት፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ወይም ነጫጭ ቀጫጭን ክሮች ከገጹ ብቅ ብቅ ካሉ ውስጡ ያለው ኢላስቴን ተበጣጥሷል። ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ተዉት።

ያረጀውን ልብስ ምን እናድርገው? ጥጥ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ፖሊስተርና ኢላስቴን ግን ለብዙ ዘመን አይበሰብሱም። ጥጡ ከእነዚህ ጋር ተቀይጦ ስለተሠራ ለይቶ እንደገና ክር ማድረግም አስቸጋሪ ነው። እሳት ማያያዣ ማድረግ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ናይለንና ፖሊዩሬቴን ሲነዱ ጭሳቸው ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለ። የሚሻለው ልብሱን ብዙ ዓመት መልበስ፣ መጠገን፣ ደኅና የቀረውን ላስቲክ ፈትቶ ለሌላ ልብስ መጠቀም ነው። ይህም ለሰፊ እንጀራ ነው።

በመጨረሻ ስለ አገራችን ድርሻ ላንሣ። እኛ ጥጥ አለን፣ ሸማኔ አለን፣ ፋብሪካም አለን። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ ለስንት ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ በስፌት ሥራ ላይ አሰማርቷል። በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የምትገባበትን የአጎዋ ዕድል ስታጣ ጉዳቱ የደረሰው በእነርሱ ላይ ነው። ኢላስቴን ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከዓለም ምርት አብዛኛውን የምታመርተው ቻይና ናት። ክሩን ገዝተን እንስፋ እንጂ ስለ ክሩ ያለውን ዕውቀት ግን ከውጭ መጠበቅ የለብንም።

ዕውቀቱ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው ከዚህ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ከዚህ ስንወጣ ሦስት ነገር እንድንጀምር እጠይቃችኋለሁ። ልብስ ሰፊዎች ተሰባስባችሁ የሚለጠጥ ጨርቅ አሰፋፍን የሚያሠለጥን ባለሙያ ከዚያ እንዲመጣላችሁ ጠይቁ፤ የስፖርት ማልያ፣ የተማሪ ቱታና የውስጥ ልብስ ዳንግላ ላይ ተሰፍቶ ዳንግላ ላይ ሊሸጥ ይችላል። መምህራን የሰንሰለት ሞለኪውልን ስታስተምሩ ካልሲ ይዛችሁ ክፍል ግቡ፤ ተማሪው ኬሚስትሪ ገላው ላይ እንዳለ ይወቅ። እናቶችና እኅቶች ደግሞ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከምድጃው ፊት ጥጥ ልበሱ።

ወገኖቼ፣ ልብስ ስንገዛ እጃችን መሳብን ለምዷል። ከእንግዲህ ለቀቅ አድርጎ መጠበቅንም ይልመድ። የሚመለሰውን እንግዛ፤ እንዳይሞት እንጠብቀው፤ በሚጠቅምበት ቦታ ብቻ እንልበሰው።